ለጨጓራ የተሞቀ ወተት

"ቀዘቀዘብሽ እንዴ? አምጪው፣ ላሙቀው።"

የሟች እህት ብርጭቆውን ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ጓዳ ይዛው ገባች። ሚስትየው አልቀመሰችውም። ወተቱ አልቀዘቀዘም፤ ጥፋቱ ወተት መሆኑ ነበር።

ባሏ ልብስ ሰፊው ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነው። ለቀስተኛው ወንበር ይዞ ስለ ሐሞት ከረጢት ያወራል።

"ጠጠር ሞልቶት ነው አሉ።"

"ፈንድቶ ነው እንጂ! ከፍተው ሲያዩት መግሉ ሆዱን አዳርሶታል።"

ሳሎኑን የሞላው ሁሉ ቀዶ ሐኪም ሆኗል። ሚስትየው ግን ከሆስፒታሉ ይዛ የመጣችው የነርሷን ጥያቄ ብቻ ነው፦ "ቅባት ያለው ነገር ይወስድ ነበር?"

እንዴታ! ዓመት ሙሉ ጎኑን ይዞ የስፌት መኪናው ላይ ሲጎብጥ፣ "ጨጓራዬ ነው" ሲላት፣ ቅባቱ ያልወጣለት ወተት ስኳር ጨምራ አሙቃ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሱቁ ድረስ ወስዳለታለች። ባዶውን ብርጭቆ ሲመልስላት "ምንም አይልም" ይላታል። ሰውየው ለሰፋው የሙሽራ ሱፍ እንኳ ከዚህ በላይ ምስጋና ወጥቶት አያውቅም።

"እኔው ነኝ የገደልኩት" አለች በሹክሹክታ።

የሰማት አጠገቧ የተቀመጠው ሬዲዮ ጠጋኝ ብቻ ነው። ከሟች ጋር አንድ ሱቅ ለሁለት ተካፍለው ኖረዋል። ሰውየው ተቁነጠነጠ።

"እትዬ፣ ጋሼ ወተቱን አልጠጣውም።"

"ምን አልክ?"

"አምና ሐኪሙ ጠጠር ነው፣ በቀዶ ጥገና ይውጣ ብሎት ነበር። ቅባትም ከልክሎታል። ቀጠሮ ሰጡት፣ ፈራ። ቀን ሙሉ መቀስ የሚይዝ ሰው መቀስ ፈራ! ላንቺ እንዳልነግርሽ አስማለኝ። ‹ወተቱን ብመልስባት ቅር ይላታል፣ ደግሞም ትነቃብኛለች› አለኝ።" ላቡን በመዳፉ ጠረገ። "ብነግርሽ ኖሮ ጎትተሽም ቢሆን ትወስጂው ነበር። በጊዜው ቢቀደድ በሦስተኛው ቀን ቤቱ ይገባ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ትክ ብላ አየችው። ስድቡን ጠበቀ፤ አልመጣም። ትከሻዋ ብቻ ከአራት ቀን በኋላ ሸክም እንደወረደለት ዝቅ አለ።

"ታዲያ ማን ጠጣው?"

"እኔ።"

"ዓመት ሙሉ?"

"አንድም ቀን ሳላጓድል።"

የሟች እህት እንፋሎቱ የሚትጎለጎል ብርጭቆ ይዛ ተመለሰች። ሚስትየው በሁለት እጇ ተቀብላ ለሬዲዮ ጠጋኙ አቀበለችው፤ ጣቶቹን በብርጭቆው ላይ አጥፋ ለጥቂት ጊዜ ያዘችለት።

"ስኳሩ አይበዛብህም ነበር?"