አሥራ አንድ ዓሣ፣ ሰባት ጆግ

«የዲንሳ ልጅ አዞ እያሳደገች ነው።»

ይህን መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ውዳሴ ናቸው፤ ለሃያኛና ለመቶኛ ጊዜ የተናገሩትም እሳቸው ናቸው። ላፍቶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተናገሩ፤ ሃሩን ሱቅ ዘይት ሲገዙ ተናገሩ፤ መካኒሳ አቦ ቅዳሴ ሲያበቃ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተናገሩ። ባወሩት ቁጥር አዞው አንድ ክንድ ይጨምራል። በመጀመሪያው ሳምንት ገና እንቁላል ነበር። በሁለተኛው ከአርባ ምንጭ በአይሱዙ የመጣ ግልገል ሆነ። ወር ሳይሞላው ሐምራዊ ዓይኑ በጓሮ መስኮት ሲያበራ ታየ፤ የሰፈሩ ድመትም ተበላች ተባለ። ድመቷ እንኳን ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ተጋድማ ጮማ ስትጠብቅ ነው የምትውለው፤ ግን ለወሬ ከቆመ ድመት የተበላ ድመት ይሻላል።

የዲንሳ ልጅ ገዲሴ ወሬውን ሰምታ አላስተባበለችም። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ለማንም ማስረዳት አትወድም።

«እንዲያውም ተመችቶኛል» ትላለች። «ዓሣ ነው ብላቸው ‹ጥብስ ነው ጉላሽ?› እያሉ ነው የሚመጡት። አዞ ካሉ በሩን አያንኳኩም።»

ከበሩ ጀርባ ያለው ባሕር ነበር። ላፍቶ እርሻ በነበረች ጊዜ አያቷ ለበሬዎቻቸው ጭድ የሚከምሩበት የድንጋይ ቤት ነው። በሬውም መሬቱም ሄዶ፣ ዙሪያውን ኮንዶሚኒየም በቅሎ፣ ከጓሮው ይቺ ቤት ብቻ ቀረች። ገዲሴ ጣሪያዋን በፎም አለበሰች፣ ወለሏን ሊሾ አስደረገች፣ ከግድግዳው ጥግ ሦስት የውሃ በርሜል ደረደረች። ከዚያ መካኒሳ ወርዳ ሁለት ሜትር ተኩል የሚረዝም ወፍራም መስታወት አዘዘች።

«የኔ እህት፣ ለዓሣ ነው ለሬሳ ሣጥን?» አላት ቆራጩ።

«እሱ ባንተ አቆራረጥ ነው የሚወሰነው።»

ሰውዬው ከዚያ በኋላ ተጠንቅቆ ቆረጠ።

ያስተማራት ሰው የለም። ስልኳና አንድ ባለ ሁለት መቶ ገጽ ደብተር ናቸው መምህሮቿ። ከላይ ካለው ትልቁ ገንዳ ውሃው በቱቦ ወደ ታችኛው ገንዳ ይወርዳል፤ እዚያ ተጣርቶና ሞቆ በፓምፕ ተመልሶ ይወጣል። ጨው ሲባል የወጥ ጨው እንዳይመስላችሁ፤ ለባሕር ዓሣ ተብሎ የተሠራውን ዱባይ የምትመላለሰው ጓደኛዋ ከድጃ በሻንጣ ነው የምታመጣላት፤ በሊትር ሠላሳ አምስት ግራም እየተመዘነ ይበጠበጣል። ውሃውና ድንጋዩ ከተሰናዱ በኋላ ደግሞ ቆሻሻውን የሚበሉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት እስኪበዙ ሁለት ወር ያህል ባዶ ገንዳ ስትጠብቅ ኖረች። ያኔ ታላቅ ወንድሟ ኢሉ በየቀኑ በመስኮት ብቅ እያለ «ዛሬስ ድንጋዩ እንዴት አደረ?» ይላት ነበር።

በመጨረሻ ዓሦቹ በፎም ሣጥን ታሽገው ከጅቡቲ መጡ፤ አሥራ አንድ። ኮራሎቹም መጡ። ስም ያወጣችላቸው በታክሲ ፌርማታዎች ስም ነው። ቢጫዋ፣ ሁሉንም እየገፋች የምታልፈዋ፣ ጀሞ ተባለች፤ ብርቱካናማዎቹ ባልና ሚስት ቄራና ሜክሲኮ፤ ሰማያዊዋ ሳሪስ፤ ከድንጋይ ሥር የማትወጣው ዓይናፋር ጎፋ።

ኢሉ ሁለት ባጃጅ አለው፤ ደጅ ስለሚያድሩ እሱም እንደ ነቃ ነው የሚያድረው። የጭድ ቤቱን ለባጃጆቹ ሲመኘው ኖሯል። ነገሩ አባታቸው ፊት ቀረበ። አቶ ዲንሳ ግራ ቀኙን ሰምተው እንዲህ ፈረዱ፦

«ዓሣዎቹ ከመጡ ጀምሮ ሦስት ወር። አንድም ሳይሞት ከቆየ ቤቱ የገዲሴ። አንድ ከሞተ ቁልፉ የኢሉ።»

«አንድ ብቻ? አባዬ፣ ይሄ ፍርድ ነው?»

«እኔ ከብት ያረባሁ ሰው ነኝ። አንድ ጥጃ ዝም ብሎ የሞተበት ሰው፣ ሁለተኛው መቼ እንደሚሞት ብቻ ነው የማያውቀው።»

ሦስት ወሩ የሚሞላው እሑድ ነበር። አባትና እናቷ በጠዋት ለሰርግ ሰበታ ሄዱ። አቶ ዲንሳ መኪና ውስጥ ሆነው «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቼ እቆጥራለሁ» አሉ።

አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ።

ገዲሴ አልደነገጠችም። ኢንቨርተር አላት፤ አራት ሰዓት ሙሉ እንደሚያሠራላት በደብተሯ አስልታለች። ደብተሩ ላይ አራት ሰዓት፤ መሬት ላይ ግን አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነና ፓምፑ አንዴ አጉረምርሞ ዝም አለ። ለወራት ሌት ተቀን ሲፈስ የኖረው የውሃ ድምፅ ሲቆም ቤቱ ውስጥ የራሷ ትንፋሽ ተሰማት።

ውሃ ካልተንቀሳቀሰ አየር አይገባውም፤ አየር ከሌለው ዓሣ ይታፈናል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከከፍታው የተነሣ ውሃው የሚይዘው አየር ራሱ ቁጥብ ነው። ያለው መላ አንድ ነው፦ ውሃውን በጆግ እየቀዱ ከላይ መልሶ ማንቆርቆር። ጀመረች። ሃያ ደቂቃ እንደቀዳች ክንዷ የሌላ ሰው መሰላት።

ኢሉ በሩን ተደግፎ ቆመ። «ምሰሶ አጋድሏል አሉ። እስከ ማታ አይታሰብም።»

«እስከ ማታ እቀዳለሁ።»

«በሁለት እጅ?»

«ሦስተኛ ከየት ላምጣ? አንተ እንደሆንክ በሩን እየለካህ ነው።»

እውነትም እየለካ ነበር፤ በስንዝር። እጁን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ።

ሳሪስ ወደ ላይ ወጥታ አፏን ከውሃው አናት ላይ ትከፍት ትዘጋ ጀመር። ቄራና ሜክሲኮ ተከተሏት። ገዲሴ ጆጉን አስቀመጠች። «እርዱኝ» የሚለውን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ የተናገረችው መቼ እንደሆነ የወለደቻት እናቷም አታስታውስም፤ ሽንት ቤት ተቆልፎባት እንኳ መስኮት ሰብራ የወጣች ልጅ ናት። ለወንድሟ ትንገረው? እሱ ባላጋራ ነው። ጎረቤት ትጥራ? ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሰው በሩን እንዲያልፍ አልፈቀደችም።

በቁምጣና በእርጥብ ቲሸርት እንዳለች እትዬ ውዳሴ ቤት ሮጠች።

የወሩ አቦ እሑድ ላይ ውሎ እትዬ ውዳሴ ማኅበር አውጥተዋል። ከእሳቸው ጋር ሰባት ሴቶች፣ ሁሉም ነጭ በነጭ፣ ዳቦው ተበልቶ ወሬው ሊጀመር ነው። ገዲሴ በሩ ላይ ቆመች። «እርዱኝ» ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እትዬ ውዳሴ፣ አዞውን ማየት ይፈልጋሉ?»

ብርጭቆ ሁሉ ባለበት ቆመ።

«ምን አልሽ?»

«አዞውን። በሩ ክፍት ነው። አንድ ደንብ ብቻ አለው፤ ጆግ ያልያዘ አይገባም።»

«ጆግ ለምኑ?» አሉ አንዷ።

«ተነሺ ወዲያ!» አሉ እትዬ ውዳሴ፤ እሳቸው ቆመዋል። «ለአዞ ምን እንደሚያስፈልግ አንቺ ታውቂያለሽ?»

ሰባት ነጠላና ሰባት ጆግ መንገዱን ተሻግሮ፣ በዲንሳ ጊቢ በር ተጋፍቶ ገባ። ገዲሴ ከፊት ትሮጣለች። የጭድ ቤቱ ውስጥ ሲደርሱ ሁሉም ወደ መስታወቱ ተጠጉ። የመስኮቱ ብርሃን በመስታወቱ አልፎ ኮራሎቹ ላይ ወድቋል፤ አረንጓዴው፣ ወይን ጠጁ፣ እንደ ጎመን የተጠቀለለው፣ እንደ ጣት የቆመው። ጀሞ እንግዶቹን ልታይ እየገፋች መጣች።

«አዞውስ?» አሉ እትዬ ውዳሴ፣ በሹክሹክታ።

«አዞ የለም። ኖሮም አያውቅም።» ገዲሴ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ዓሦቹ አየር አጥሯቸዋል። ውሃውን እየቀዳን ከላይ ካላፈሰስነው ይሞታሉ፤ አንድ ከሞተ ደግሞ ቤቱ ይወሰድብኛል። ብቻዬን አልቻልኩም። እርዱኝ።»

እትዬ ውዳሴ ገንዳውን አዩ፤ እሷን አዩ፤ መልሰው ገንዳውን አዩ። ፊታቸው ቀላ።

«አንቺ ጥጋበኛ! ይሄን የመሰለ ነገር ይዘሽ ነው እኔን ሦስት ወር ሙሉ አዞ የምታስወሪኝ?»

«እኔ ነኝ ያስወራሁዎት?»

«በሩን የዘጋው ማነው? ሰው ያላየውን ምን ይበል? ዞር በይ!» ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ጆጋቸውን ነከሩ።

ማኅበር ያወጣ ሰው ሰው ማሰማራት ያውቃል። ሦስቱ ይቀዳሉ፣ ሦስቱ ያርፋሉ፣ አንዷ ከሰል ምድጃ ላይ ናት። ገዲሴ ውሃው መብረድ የለበትም ስትል፣ የፈላ ውሃ በሃይላንድ ተሞልቶና ክዳኑ ጠብቆ ገንዳው ላይ እንዲንሳፈፍ ተደረገ፤ መስታወቱን ደግሞ የአቶ ዲንሳ ጋቢ ዙሪያውን ለበሰው። አንዷ መዝሙር ጀመረች፤ ጆጎቹም በመዝሙሩ ልክ ይወጡና ይወርዱ ጀመር።

«ገዲሴ፣ ይሄ ድንጋይ ነው አበባ?»

«እንስሳ ነው፣ እማማ። ኮራል ይባላል።»

«ሂጂ! አፍ አለው?»

«አለው። አሁን ሰው በዝቶበት ዘግቶት ነው።»

«ሰው ሲበዛ አፉን የሚዘጋ ከሆነማ» አሉ እትዬ ውዳሴ፣ «ከእኔ ይሻላል።»

ሳቁ ሲበርድ ገዲሴ ዞር ብትል ኢሉ እጅጌውን ሰብስቦ በባልዲ እያፈሰሰ ነው።

«አንዱ ቢሞት ቤቱ ያንተ እኮ ነው» አለችው።

«አውቃለሁ። አታዘናጊኝ።» ባልዲውን ነከረ። «የኔ ባጃጅ ቢሞት ሰባት ሴት ጆግ ይዞ አይመጣልኝም።»

ስምንት ሰዓት አለፈ፤ ዘጠኝ አለፈ። ሳሪስ አንዴ በጎኗ ተጋድማ ገዲሴን አስደንግጣት ነበር፤ እትዬ ውዳሴ ልክ እሷ ላይ ከላይ እያንቆረቆሩ «ተነሺ እንጂ፣ አንቺ ሰማያዊ፣ ገና ሳንተዋወቅ!» ሲሏት ቀና አለች። አሥር ሰዓት ላይ «ተኪኝ» መባባል ቀረ። ሁሉም እስከ ክርናቸው ርሰዋል፣ ጥበባቸው ላይ ጨው ደርቋል፣ አንዷም ግን ልሂድ አላለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አቶ ዲንሳ በሰርግ ሙሉ ልብሳቸው በሩ ላይ ቆሙ። መጀመሪያ ያዩት ጋቢያቸውን ነው። በከዘራቸው ጫፍ እያመለከቱ፣ ከብት ሲቆጥሩ እንደኖሩት በከንፈራቸው መቁጠር ጀመሩ።

«…ዘጠኝ። አሥር።» ከዘራው ቆመ። «አሥር ነው።»

ገዲሴ ጆጓን አስቀመጠች። ኢሉም ባልዲውን አስቀመጠ፤ ፊቱ ላይ ግን ደስታ አልነበረም። ሁሉም መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። እትዬ ውዳሴ ተንበርክከው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በድንጋዮቹ መካከል ሲያጮልቁ ቆዩ፤ ሰው ጓዳ በማጮለቅ የሚስተካከላቸው የለም።

«ያችውላችሁ!» ጮኹ። «ከድንጋዩ ሥር! አሁን ክንፏን አወዛወዘች! ደግሞ ታየናለች እኮ፣ ወሬኛ!»

ጎፋ ነበረች።

አቶ ዲንሳ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ረጅም ጊዜ ወስደው አዩ። «አሥራ አንድ» አሉ። ሁለተኛውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው የልጃቸው መዳፍ ላይ አኖሩት። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቤቱ ያንቺ ነው። ተናግሬያለሁ፤ አልመለስበትም። ለኢሉ ባጃጆች በግንቡ በኩል ቆርቆሮ እንመታላቸዋለን።»

እልልታው መንገድ ድረስ ተሰማ። ገዲሴ ዕንባዋን በእርጥብ ክንዷ ጠረገችና ጨዉ ዓይኗን አቃጠላት።

«እሑድ እሑድ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በሩ ክፍት ነው» አለች። «ጥብስ ነው ጉላሽ የሚል ሰው ግን አላስገባም።»

ይህን ስትል ባለሱቁ ሃሩን በሩ ላይ ብቅ አለ። እልልታውን ሰምቶ ነው የመጣው።

«እትዬ ውዳሴ፣ እዚህ ነዎት እንዴ? ቤትዎ ተከፍቶ ቴሌቪዥኑ ለባዶ ወንበር ሲጮህ እኮ ዋለ።»

«ምን ቴሌቪዥን? መብራት የለም አይደል እንዴ?»

«ሰባት ሰዓት ላይ መጥቷል እኮ! ሰፈሩ በሙሉ በርቷል።»

ኢሉ ማብሪያውን ጫነ። ምንም የለም። አንድ ጊዜ ደገመ። «እዚህ የለም» አለ።

ሁሉም እርስ በርስ ተያየ። እትዬ ውዳሴ ብቻ ማንንም አላዩም፤ ከወገባቸው ላይ ነጠላቸውን ፈትተው በጥንቃቄ፣ ጠርዝ ከጠርዝ እያገናኙ፣ ያጥፉት ጀመር።

«መብራት ሲመለስ እኮ በኃይል ነው የሚመጣው» አሉ በመጨረሻ። «የእናትሽን ፍሪጅ እንዳያቃጥልባት ብዬ፣ ስንገባ የቆጣሪውን ብሬከር ያወረድኩት እኔ ነኝ።»