የሌለው ሊጥ

ሰልሳቢል ጓንቱን በጋሼ ደግፌ እጅ ላይ ስታጠልቅ ጃለታ ከኋላዋ ቆሞ ያፏጫል። ጋሼ ደግፌ ቤቴል ሰፈር የሆቴል ሙያ ማሠልጠኛ አላቸው። ሁለቱ ወጣቶች በሙከራ ላይ ናቸው፤ ዛሬ ከሁለቱ አንዱ ይቀጠራል። ጃለታ የሠራው በእውን የሌለ፣ በኮምፒውተር መነጽር ብቻ የሚታይ ወጥ ቤት ነው። እሷ ደግሞ የሚታየውን ነገር እጅ እንዲዳስሰው የሚያደርግ ጓንት አስኮ ሰፈር ባለው ቤቷ ውስጥ ሰፍታ አምጥታለች።

«አንቺ፣ ልብስ ስፌት ቤት ብትገቢ አይሻልሽም?» አለ ጃለታ።

ሰልሳቢል በጓንቱ ጣቶች ጫፍና በመዳፉ ላይ ያሉት ትንንሽ ሞተሮች መሥራታቸውን አረጋገጠች።

ጋሼ ደግፌ መነጽሩን አጠለቁ። የሚያዩት ሁሉ ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ይታያል፤ ጠረጴዛ፣ ሙሉ ገበታ ሊጥ። እጃቸውን ነከሩበት።

«ወይ ጉድ! ይጣበቃል እኮ!»

ድንገት በስክሪኑ ላይ የወጥ ቤቱ በር ተከፍቶ ኮት የለበሰ እንግዳ ገባና እጁን ዘረጋ። ትናንት በልምምዱ ላይ ይህ እንግዳ አልነበረም። ሰልሳቢል ዞር ስትል ጃለታ ፉጨቱን አቁሞ ፈገግ ብሏል።

ጋሼ ደግፌ መዳፋቸውን ወደ ታች አጥፈው የእጅ አንጓቸውን ሰጡ። አንጓው ላይ ሞተር የለም።

«ምንም አልተሰማኝም። የጨበጠኝ ሬሳ ነው እንዴ?»

«አላልኩዎትም ጋሼ? ጓንቱ መጫወቻ ነው» አለ ጃለታ።

ሰልሳቢል ወደ እጃቸው ጠቆመች። «ጋሼ፣ እጅዎን ለምን አጠፉት?»

«በሊጥ እጅ ሰው ይጨበጣል እንዴ?»

«የቱ ሊጥ?»

መነጽሩን ወደ ግንባራቸው ገፍተው እጃቸውን አዩ፤ ደረቅ ጨርቅ። ፊታቸው ጠቆረ። በልጆች ፊት መሞኘት አይወዱም።

«እሺ፣ ይሠራል። ጃለታ ሥራውን ይመራል፤ አንቺ ከሥሩ ሆነሽ ትሰፊያለሽ።»

«አንጓው ላይ ሞተር እንደሌለ አውቆ እንግዳውን ሆን ብሎ ያስገባው እሱ ነው።»

«ክስ አልሰማም።»

«እንግዲያው አልሠራም።»

«በሩ ያውልሽ። ጓንቱን ግን ትተሽ!» ብለው ጓንቱ ያለበትን እጃቸውን ጨበጡ።

ማሰሪያውን ፈታች። ጣታቸውን እያላቀቀች ሳበችው፤ አንድ ሽቦ ተበጠሰ። ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው ጃለታ በሩን ዘግቶ ቆመ።

«ለማን ልታሳዪው ነው? ለእናትሽ?»

«ዞር በል!»

እንዲህ ስትጮህ ሰምቷት አያውቅም። ዞር አለላት።