የጭረቱ ባለቤት

ሚስቱ የመኪናዋን የኋላ በር ከፍታ ገባችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ጡረተኛው በመስታወት ሰረቅ አድርጎ አያት። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ነው የሚሄዱት፤ እሱ ሹፌር፣ እሷ ሚኒስትር። ጎረቤቶቻቸው ስቀውባቸዋል። እሷ ግን አንድም ቀን አልሳቀችም።

ነገሩ የተጀመረው ከማርሹ ዙሪያ ነው። መኪናዋ ብዙ እጅ ያየች አሮጌ ብትሆንም፣ ውስጧ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ፊት ያሳይ ነበር። ጡረተኛው ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሲሠራ አንድ ፋይል አቧራ አላስነካም፤ መኪናዋንማ እንዴት ያስነካል? አንድ ቀን ታዲያ ፀሐይ ስታርፍበት ጥቁሩ ፕላስቲክ በቀጫጭን ጭረት ተሞልቶ አገኘው። ማን ነካው? እሱ እንደሆነ በየማለዳው በገዛ እጁ ነው የሚወለውለው። የቀረችው ሚስቱ ናት፤ ከነቦርሳዋ ዘለበት።

«ከዛሬ ጀምሮ ከነቦርሳሽ ከኋላ ነሽ» አላት።

እሷም «እሺ» አለች። ብትጣላው ይሻለው ነበር። ትናንት ማታ ደግሞ፣ ቅዳሜ አራስ ልጃቸውን ለመጠየቅ በአውቶቡስ እንደምትሄድ ነገረችው። እሱ በመኪናው መምጣት ይችላል። «መኪናችን» ማለት ከተወች ሰንብታለች። ጡረተኛው ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። የልጅ ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያይ ነው፤ ብቻውን ሄዶ በሩን ሲያንኳኳ ልጁ ምን ትለዋለች? ጭረቱ ቢጠፋ ኩርፊያውም አብሮ ይጠፋል ብሎ አሰበ። ይቅርታ መጠየቁ እንኳ በሐሳቡ አልመጣም፤ ጥፋቱ የእሷ ነዋ።

እናም ዛሬ ሚስቱን ከኋላ አስቀምጦ ወደ ፖሊሽ ቤት ነዳ። የመኪና ውስጥ ፖሊሽ የምትሠራው ሴት እጅጌዋን ሰብስባ ጠበቀቻቸው። ጡረተኛው ገና ሞተሩን ሳያጠፋ ክሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሰማት፤ የቦርሳውንም ዘለበት በጣቱ አሳያት። ሚስቱ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር። ሠራተኛዋ አቧራውን በንፋስ አስነሥታ፣ በእርጥብ ፎጣ አብሳ፣ ጥፍሯን በጭረቱ ላይ ቀስ ብላ አስኬደችው።

«ጥፍሬን አልያዘውም። ላይ ላዩን ነው፣ ይወጣል።»

ከዚያ የስልኳን ባትሪ አብርታ ጎንበስ ብላ ጭረቱን መረመረችው። «አባቴ፣ አቧራውን በምንድን ነው የሚጠርጉት?»

ጡረተኛው አራት ቦታ የታጠፈ ጨርቁን ከኪሱ አወጣ። «በዚህ። በየማለዳው፤ አንድ ቀን አስታጉዬ አላውቅም።»

«ደረቁን?»

«ውሃማ ያበላሸዋል።»

ሴትየዋ ከመሪው በታች፣ ጉልበቱ አጠገብ ያለውን ማንም የማያየውን ጥግ አሳየችው። እጅ ነክቶት ስለማያውቅ አቧራ ለብሷል፤ ከአቧራው ሥር ግን ገና እንደ አዲስ ነው። እንደ ወትሮው አንዴ እንዲጠርግላት ለመነችው። ጡረተኛው ጠረገ። በደስታ፣ ዙር በዙር፣ ጠበቅ አድርጎ። እሷም መብራቱን አስጠጋችለት። ክብ ክብ የሆኑ ቀጫጭን መስመሮች፣ ልክ ከማርሹ ዙሪያ እንዳሉት።

«ዘለበት ቢሆን ወደ አንድ ወገን ይጭር ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አቧራ ማለት አሸዋ ነው፣ አባቴ። በደረቅ ጨርቅ ሲያሹት ይጭራል።»

ጆሮው ድረስ ጋለ። በመስታወቱ ሲያይ ሚስቱ አሁንም ወደ ውጭ ትመለከታለች፤ የታችኛውን ከንፈሯን ግን ነክሳለች። ሰምታለች፤ አንዲት ቃል አላመለጠቻትም።

ሴትየዋ በስፖንጅ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ፖሊሽ አድርጋ በቀስታ ማሸት ጀመረች። ፕላስቲኩ ከጋለ እንደሚደበዝዝ እየነገረችው ትንሽ አሽታ ታርፋለች፣ ጠርጋ ታያለች፣ ደግማ ታሻለች። ጡረተኛው ከወንበሩ አልተነሣም። ሦስት ሳምንቱን በሐሳቡ አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ገበያ የሄዱበትን፣ ሐኪም ቤት የሄዱበትን፣ በዝናብ በሩን ራሷ የከፈተችበትን። አፈረ። ጥቁሩ እንደ ድሮው ሲያበራ የገዛ ፊቱን አየበት፤ አላማረውም።

ሴትየዋ አዲስ ለስላሳ ፎጣ ሰጠችው፤ ሁልጊዜ አርጥቦ፣ ሳይጫን እንዲጠርግ አስጠነቀቀችው። ጡረተኛው ከመኪናዋ ወርዶ አሮጌውን ጨርቅ በፖሊሽ ቤቱ በር ላይ ባለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለና የኋላውን በር ከፈተ።

«ነይ ወደ ፊት።»

«እዚህ ተመችቶኛል።»

«እኔ ነኝ የጫርኩት» አለ። «ያለ ጥፋትሽ ነው ከኋላ ያስቀመጥኩሽ። ይቅር በይኝ።»

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። «ሦስት ሳምንት ማጅራትህን ሳይ ከረምኩ» አለች። «ፀጉርህን መቆረጥ አለብህ።»

ወርዳ ከፊት ተቀመጠች። ጡረተኛው መሪውን ይዞ፣ ወደሷ ሳይዞር፣ ቅዳሜ በስንት ሰዓት እንደሚነሡ ጠየቃት። ቦርሳዋን አነሣችና ከማርሹ አጠገብ፣ አሁን በተወለወለው ፕላስቲክ ላይ፣ ዘለበቱን ወደ ታች አድርጋ አስቀመጠችው። ከዚያ ዓይን ዓይኑን አየችው።

እጁ ወደ ቦርሳው ተዘረጋ። እንዳይወድቅ ማንገቻውን አስተካከለላትና ማርሹን አስገባ።

«በጠዋት እንነሣ» አለች ሚስቱ፤ «ፀሐዩ ሳይበረታ።»