አሥራ አንድ ቀን ቀድሜ
…ማንም፣ ከኔ ክፍል ማንም፣ አንድም ሰው፣ ወረቀቱን ይዤ ደረጃውን እየወረድኩ ነው፣ የምረግጠውን አላውቅም፣ ቀስ በይ፣ ሰው ያይሻል፣ ይየኝ! በዚህ ሳምንት ከቢሮ እየሳቀች የወጣች አለቃ ታይታ አትታወቅም፣ እንግዲህ ትታይ። ከሌሎቹ ክፍሎች ሃያ አምስት ሰው ከሥራ ይቀነሳል፣ እሱ ያማል፣ አዎ ያማል፣ የኔዎቹ ስድስቱ ግን የሉበትም፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ የሉም።

የሰው ኃይሉ ሰውዬ መነጽሩን አወለቀ፣ ባለፈው ከአንቺ ክፍል ስድስት ነበሩ እኮ። ነበሩ፣ አልኩት። ታዲያ የት ሄዱ? የክፍላችንን የሥራ ሰሌዳ ይመልከቱት፣ አልኩ፣ በጨዋ ደንብ፣ እጄን አጣምሬ፣ ውስጤ እየጨፈረ። በእነሱ ቦታ ሌላ ሰው ይተካል ወይ ብዬም ጠየቅኩ፣ ይህን ሳልጠይቅ ብወርድ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ አይተካም አለ፣ የሚቀንሰው መስፈርቱ ነው እንጂ ኮታ የለብንም። እሰይ።

ያ መስፈርት፣ በአንድ ማሽን ላይ ብቻ መሥራት የሚችሉ ሠራተኞች፣ ከአሥራ አንድ ቀን በፊት የክፍል ኃላፊዎችን ሰብስበው፣ በሩን ቆልፈው ያነበቡልን፣ የስብሰባው ይዘት በይፋ እስከሚገለጽበት ዕለት ምስጢራዊነቱ ተጠብቆ እንዲቆይ፣ ይህን የጣሰ ኃላፊ ከሥራው የሚሰናበት መሆኑን፣ ፈርሙ፣ ፈረምን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ሲተርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋቸው፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጡት ነው መሰለኝ። ከኔ ክፍል ስድስት ስም። የመጀመሪያው እትዬ ኮሌታ።

እትዬ ኮሌታ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሸሚዝ ኮሌታ ብቻ የሰፉ፣ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም እስኪረሳ ኮሌታ ያልናቸው፣ አዲስ የገባሁ ጊዜ ክር ማስገባት ያስተማሩኝ ሴትዮ፣ ሁለቱን ልጆቻቸውን በዚያች ኮሌታ ለወግ ያበቁ፣ ሦስተኛዋ ገና ትምህርት ላይ ናት፣ እና እኔ እያወቅኩ፣ ደህና አደሩ እትዬ፣ ደህና አደርሽ ልጄ። አለቆች ቀድመው ያውቃሉ ወይ? ማሽን ላይ ሳለሁ እኔም ጠይቄዋለሁ፣ ይኸው መልሱ፣ ያውቃሉ፣ ያውቁና ስለ ሙቀቱ ያወራሉ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፣ ውሸት ነው፣ ይነቅዛል፣ ሆዴ ውስጥ ሲነቅዝ ይሰማኝ ነበር፣ ባሌ ምን ሆነሻል ሲለኝ፣ ጨጓራዬን ነው፣ ሐኪም ጋ እንሂዳ፣ ተወው ይሻለኛል። ኋላ ልብስ ሳጣጥፍ ብልጭ አለልኝ፣ የተከለከልኩት መናገር ነው፣ ማዘዝ ማን ከለከለኝ! ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ በያንዳንዱ ስም ትይዩ የየማሽኑ ሳጥን፣ አርባ እንከን የለሽ ሥራ በተከታታይ፣ የጥራት ተቆጣጣሪው ፊርማ፣ በቃ፣ ሁለተኛው ሳጥን ይሞላል፣ የአንድ ማሽን ሰው መሆን ያበቃል። ኃላፊዋ ሠራተኛ ከማሽን ማሽን ማዘዋወር ትችላለች፣ ደንቡ ላይ ተጽፏል፣ አንብቦት የሚያውቅ የለም እንጂ።

በማግስቱ አዘዋወርኳቸው፣ ኮሌታን ወደ ቁልፍ ቀዳዳ፣ እጅጌን ወደ ኪስ፣ ኪስን ወደ ጠርዝ፣ ጉድ ፈላ። ምን በደልኩሽ? ሰው ሲሾም ዓይኑ ይታወራል፣ ትናንት ከወለል ክር ስትለቅም የነበረች! እትዬ ልጄ ማለቱን ተዉት፣ አለቃ ሆንኩ፣ አለቃ፣ ሽንት ቤት ልሂድ ወይስ እሱንም አዘዋውረሽዋል? ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም መሳቅ አማረኝ፣ ምላሴን ነክሼ አለፍኩ። የዚያን ቀን እትዬ አርባ የሴት ሸሚዝ፣ ቀዳዳው በወንድ በኩል፣ አርባውም! የወንድ ነው ብዬ ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ ብዬ ፈረምኩ፣ ምን ላድርግ። በአራተኛው ቀን እትዬ ሠላሳ አንድ ደረሱ፣ ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ስፌቱ ዘለለ፣ እንደገና ከአንድ። በስምንተኛው ቀን አርባ። ትናንት ደግሞ ከስድስቱ የመጨረሻዋ፣ የመውጫ ደወል ሊደወል ሲል፣ ተቆጣጣሪው ሸሚዙን ወደ መስኮት አድርጎ ያገላብጣል፣ ፈረመ። ዛሬ ጠዋት ከላይ መጥተው ሰሌዳውን በወረቀት ገልብጠው ወሰዱ፣ በሉ እንግዲህ ፈልጓቸው!

በሩን እገፋለሁ። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም ይላሉ፣ ወሬው ቀድሞኛል፣ ሁሉም ወረቀቱን ነው የሚያየው፣ ከጎን ክፍል ለቅሶ ይሰማል፣ ሳቄን እሰበስባለሁ። እትዬ ኮሌታ ከወንበራቸው ይነሳሉ፣ ታውቂ ነበር? በሰው ሁሉ ፊት። እኔም አሁን ነው የሰማሁት፣ አራት ቃል ብዋሽ፣ ማን ይጠይቀኛል፣ የፈረምኩት ወረቀት እንኳ ዛሬ ያበቃል፣ አራት ቃል ብቻ፣ ኧረ አይሆንም፣ እሳቸውን? አውቅ ነበር፣ እላለሁ፣ አሥራ አንድ ቀን፣ ከኛ የሚሄድ የለም፣ ግን አውቅ ነበር፣ ይስደቡኝ።

እኔ ደግሞ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ፣ ይላሉ እትዬ።

ምን?

ስንት አለቃ አየሁ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አለቃ ክፉ ነገር ሲያውቅ ዓይኑን ያሸሻል፣ አንቺ ከስድስታችን ብቻ አሸሸሽ፣ ስድስታችንን ብቻ አዘዋወርሽ፣ መቁጠር አልችልም እንዴ? ታዲያ ያ ሁሉ ስድብ? ዝም ብለንሽ ቢሆን አደላችላቸው ተብሎ ወሬው እላይ ቢሮ ይደርስ ነበር፣ እየተሳደባችሁ ስፉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። አምስቱ ጨርቃቸው ላይ አቀርቅረዋል፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ እየሳቁ ነው፣ እየሳቁብኝ! እኔ ብቻዬን ተሸከምኳቸው ስል፣ ለካ እነሱም እኔን።

ሁሉም የውሸት ነበር በሉኛ፣ እትዬ? ግማሹ፣ ይላሉ፣ ግማሹ ከልቤ ነው፣ ለብቻሽ መታመምሽ አናዶኛል፣ አሁን አንብቢው፣ የሌለንበትን እንስማው፣ ድምፅሽን ብቻ ዝቅ አድርጊ፣ ከግድግዳው ማዶ ሰው እያለቀሰ ነው፣ እና አነብባለሁ፣ ዝቅ አድርጌ፣ እያንዳንዱን ስም በወጉ፣ ጥርሴ ግን አልከደን አለኝ፣