የእትዬ ማዞሪያ

ልብስ ሰፊዋ ሙዚቃ ስትጫወት ዓይኗን ትጨፍናለች። ለስሜት ነው ትላለች። ሰፈሩ «ኮረንቲ» የሚለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ታናሽ ወንድሟ ግን «እትዬ ሰው ስለምትፈራ ነው» ይላል። ይህን የሚለው እሷ በሌለችበት ነው፤ ምላሷ ከመቀሷ እንደሚብስ ያውቃላ!

ሁለቱ ያለ ዘፋኝና ያለ ኮምፒውተር፣ በማሽን ብቻ ሕዝብ ፊት የሚጫወቱ ጥንድ ናቸው። ኮረንቲ በድራም ማሽኑ ምቱን ይመራል። የእሷ ሲንተሳይዘር የተጫነለትን ዜማ ራሱ ይደጋግማል፤ እሷ አንዲት ጥቁር ማዞሪያ ይዛ ድምፁን ታፍነዋለች፣ ትከፍተዋለች። ሲያወሩት ቀላል ነው። ሲሠሩት ግን ድምፁ በእጇ ያለቅሳል፣ ይስቃል፤ ይህን ጠላቷም አይክዳትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሊጫወቱ በመጡበት፣ የቀለም ሽታው ገና ባልወጣለት አዳራሽ፣ ወንድሟ ሣጥኖቹን ተሸክሞ ሲያስገባ የዝግጅቱ አዘጋጅ እሷን ወደ ጥግ ወሰዳት።

«በሚቀጥለው ወር ትልቁ መድረክ ላይ ብቻሽን ነው የምፈልግሽ» አላት። «ልጁ ምት ከመምታት ሌላ ምን ይሠራል? ዛሬ ልይሽና እንነጋገራለን።»

እውነቱን ለመናገር ልቧ እሺ ብሎ ነበር፤ የቸገራት ለወንድሟ እንዴት እንደምትነግረው ነው። እነዚያን አሮጌ ማሽኖች ከሥራ መልስ እየተቀመጠ አንድ በአንድ የጠገነው እሱ ነው።

ጨዋታው ተጀምሮ ሦስተኛው ሙዚቃ ላይ ሲደርሱ ዓይኗን ጨፍና ማዞሪያዋን ያዘች። ቀስ ብላ ስትከፍተው ድምፁ ከወለሉ ተነሥቶ ጣሪያ ነካ። ሰዉ ጮኸ። በሕይወቷ እንዲህ ተጫውታ አታውቅም። «ብቻዬን ብሆንስ ምን ይጎድለኛል?» አለች በልቧ።

ላቧን ልትጠርግ ዓይኗን ስትገልጥ፣ የሲንተሳይዘሯ ገመድ ድምፁን ወደ ስፒከሮቹ ከሚልከው ሚክሰር ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

ክው አለች። ታዲያ ይኼ ድምፅ የማን ነው? ቀና ስትል፣ ኮረንቲ በቀኝ እጁ ምቱን ይመራል፤ ግራ እጁ አጠገቡ ባስቀመጣት ትንሽ ኪቦርድ ማዞሪያ ላይ ነው። ለክፉ ቀን ብሎ ዜማዋን እዚያም ጭኖት ኖሯል። ዓይኑ ከእጇ አይነቀልም። ወደ ግራ አዞረች፤ ድምፁ ታፈነ። ወደ ቀኝ አዞረች፤ ተከፈተ። ተንኮሏ መጣና ድንገት እስከ ጫፍ አሽከረከረችው፤ እሱም ከመቅጽበት ተከተላት። ሳቋ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዋም መጣ።

ጭብጨባው ሲበርድ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ሦስተኛው ሊጀመር ሲል። ሣጥን ስገፋ በእግሬ የነቀልኩት እኔው ነኝ።»

«አትነግረኝም ነበር?»

«እንዴት ብዬ? እንዲህ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም፣ እትዬ።»

አዘጋጁ እየተጣደፈ መጣ። «ሦስተኛው ላይ ያ እጅሽ! ጉድ እኮ ነው! በቃ፣ እንዳልኩሽ ብቻሽን ትመጫለሽ።»

ገመድ ይጠቀልል የነበረው ኮረንቲ እጁ ባለበት ቆመ።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ወንድሟ እንደሆነ አፉን አይከፍትም።

«ያጨበጨብክለት እጅ የእሱ ነው» አለች፣ እፍረቱ እስከ ጆሮዋ እየሞቃት። «የእኔ ማሽን ገመዱ ተነቅሎ ነበር። እኔ እዚያ ተገትሬ ባዶ ማዞሪያ ሳሽከረክር ነው የዋልኩት። ከጠራኸን ሁለታችንን ጥራን።»

አዘጋጁ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን ያያል። ኮረንቲ ፊቱን እንዳያዩበት ጀርባውን ሰጥቷቸው፣ የጠቀለለውን ገመድ ፈታና እንደ አዲስ መጠቅለል ጀመረ።