የምታፍሩበትን አምጡ

አሜሪካ፣ ሐይቅ ዳር ባለችው ዱሉዝ ከተማ ለምክር ሙያ ስንሰለጥን፣ ሐሙስ ሐሙስ ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ክፍል እንሰበሰብ ነበር። ሐይቁ በረዶ ሲሆን ክፍሏም አብራ ትቀዘቅዛለች፤ ካፖርታችንን አናወልቅም። ዛሬ የሞቀ ቢሮ አለኝ፤ ያቺ ክፍል ግን ትናፍቀኛለች።

እያንዳንዱ ሰልጣኝ ባለጉዳዩ ፈቅዶ የተቀዳ ውይይት በካሴት ያመጣል፤ አስተማሪያችን ማሪት ሶልሃይም ከሁላችን ጋር ታዳምጣለች። «ያማረላችሁን ቤታችሁ አስቀምጡት፤ የምታፍሩበትን አምጡ» ትለናለች፣ በዚያ ሕፃን በሚያስተኛ ለስላሳ ድምጿ። እኛ ግን ብልጦች ነን፤ ጥቂት የሚያሳፍር፣ ብዙ የሚያስመሰግን እንመርጣለን።

ቬርሊን ብቻ ይህ ብልጠት አልነበረውም። ዕድሜውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ሲስቅ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነው። ባለጉዳይ ፊት ሲቀመጥ ግን የተኛ ሰው እንዳይነቃበት የሚያንሾካሹክ ይመስላል። ማሪት አንድ ሳምንት ቁርጡን ነገረችው፤ የሐሙሱ ካሴት እንደ በፊቶቹ ከሆነ ስልጠናው እዚያው ላይ ያበቃል። የሹፌርነት ሥራውን ደግሞ ለቆ ነው የመጣው።

ሐሙስ ዕለት ካሴቱን ማጫወቻው ውስጥ ከተተ። ባለጉዳዩ ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ነው። ለረጅም ጊዜ የቬርሊን ሹክሹክታ ብቻ ተሰማ። ድንገት ቬርሊን በዚያ በምናውቀው ወፍራም ድምፁ፣ «ስማኝማ፣ ራት ምንድነው የምትበላው?» አለ።

«የቆርቆሮ ሾርባ። ቆሜ።»

«ቁጭ ብትልስ?»

«ወንበሯ ፊት ለፊቴ ነዋ» አለ ገበሬው፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረ።

ቬርሊን ካሴቱን አጠፋው። «ያፈርኩበት ይሄ ነው። ሙያውን ረስቼ እንደ ሹፌር አወራሁት።»

«ይሄን ሹፌር ነው ስጠብቅ የከረምኩት» አለች ማሪት። «ያንን የሚያንሾካሹከውን ከየት አመጣኸው?»

ቬርሊን ጫማውን አየ። «ካንቺ ነዋ። ሁላችንም ካንቺ ነው የወሰድነው።»

እውነቱን ነው፤ እኔ ለእናቴ ስደውል እንኳ በማሪት ድምፅ ስለማወራ፣ «አሞሻል እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ማሪት መነጽሯን አወለቀች። «እኔም ከአስተማሪዬ ነው የወሰድኩት» አለች። ከዚያ ሰምተነው በማናውቀው በሻከረ የገጠር ድምፅ፣ «በል፣ ሰኞ ገበሬህ ይጠብቅሃል፤ እንዳታረፍድበት» አለችው።

ማሪት ከሞተች ቆየች። ስትናፍቀኝ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው ያ የሻከረው ድምጿ ነው።