የሐጃ ኩብራ ነጭ ጨርቅ

አስማ መቀስ ከያዘች ወዲህ በእኛ ሰፈር ልብስ አስጥቶ መሄድ ቀርቷል። ሽቦ ላይ የተረሳ ሸሚዝ ማታ ሲፈለግ የእግር መጥረጊያ ሆኖ እንዳይገኝ ሁሉም ይፈራል። እየቀለድኩ አይደለም። የባሏ የሑዘይፋ ጂንስ ገና ጉልበቱ እንኳ ሳይሳሳ የዘንቢል ምትክ ሆኖ፣ ዚፑ እንደነበረ ከፊት ተንጠልጥሎ፣ በጭሮ ገበያ መሀል ሽንኩርት ሲሸከም በዓይኔ አይቻለሁ።

አስማ የጎረቤቴ የሐጃ ኩብራ ምራት ናት። ከቦርደዴ ተድራ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ግቢያቸውን ከእኔ ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ስለሆነ እሷ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ የእኔ ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። ትምህርቱን የቀሰመችው ከስልኳ ነው። እዚያ ውስጥ አንዲት ጥፍሯን የተቀባች ሴት አሮጌ ሸሚዝ ትቆርጣለች፣ ሙዚቃ ይጫወታል፣ ወዲያው ሸሚዙ ትራስ ይሆናል። የእኛዋም ሸሚዙን ትቆርጣለች፣ ክር ይበጠሳል፣ መርፌ ይሰበራል፣ መጨረሻ ላይ ሸሚዙ የተቆረጠ ሸሚዝ ይሆናል።

ይህን ፊት ለፊት የነገርኳት እኔ ብቻ ነኝ። የቀረው ሰፈርተኛ ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለበት። አንዱ ማሰሪያ ከአንዱ የሚረዝም ሽርጥ ስታሳያቸው «ማሻ አላህ!» ይላሉ። ፀጉር ቤት ያላት አክሱማዊት «እጅሽ ይባረክ! አዲስ አበባ ቢሆን ይሻሙበት ነበር» አለቻት። ቀነኒ ቸርች ውስጥ የምትዘምር ሴት ናት፤ ውሸት ኃጢአት መሆኑን ከማንም በላይ ታውቃለች። እሷ ደግሞ «ጌታ ጸጋ ሰጥቶሻል» አለች። እኔ «አስማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ስለጠየቅኩ ምላሴ መርዝ ነው ተባለ። ልጅቷም እነሱን አምና ሱቅ እከፍታለሁ ማለት ጀመረች።

አረፋ ሊደርስ ሲል ሐጃ ኩብራ እህታቸውን ሊጠይቁ ቦኬ ሄዱ። አስማ ጨርቅ አልቆባት ደወለችላቸው። እሳቸውም ደግ ናቸውና «ከአልጋዬ ሥር ሳጥን አለ፣ ውስጡ ያለውን አሮጌ ጨርቅ ውሰጂ» አሏት። ከአልጋው ሥር ግን ሁለት ሳጥን ነበር። አንዱ ውስጥ በእርግጥም የአሮጌ ልብስ ክምር አለ። ሌላው ውስጥ በደበዘዘ ቀሚስ የተጠቀለለ ነጭ ጥጥ ጨርቅ ነበር።

ያ ጨርቅ የሐጃ ከፈን ነው። ሐጅ ያደረጉ ጊዜ መካ ገዝተው፣ በዘምዘም ውኃ ነክረው፣ አድርቀው፣ ሲሞቱ የሚጠቀለሉበትን ራሳቸው ተሸክመው መጡ። በየዓመቱ አረፋ ሲያልፍ አውጥተው ፀሐይ ያስመቱታል። እኔ ክርስቲያን ብሆንም አንድ ቀን አሳይተውኛል፤ ሲያጥፉት ፊታቸው ላይ የነበረውን እርጋታ አልረሳም። ለምራታቸው ግን አልነገሯትም። አዲስ ሙሽራ በገባችበት ቤት የሞት ዕቃ አይጠራም ብለው ዝም አሉ።

አስማ ምን ታድርግ፣ ነጭ ጥጥ አገኘች፣ ቆረጠች። አምስት ትራስ ወጣው። ሆዳቸውን በካልሲና በብጥስጣሽ ጨርቅ ሞላች። በያንዳንዳቸው ላይ ከሑዘይፋ የሠርግ ከረባት የተቆረጠ ቀይ አበባ ለጠፈች። አንዱን ለቤቷ አስቀርታ ሌሎቹን ለበዓሉ አደለች። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ የአረፋ ሥጋ አይደርሰንም፤ ትራሱ እንኳ ይድረሳቸው ብላ ነው። አንዱን ለአክሱማዊት፣ አንዱን ለቀነኒ፣ አንዱን፣ ሙስሊም ቢሆንም የሰፈር ሰው ነውና፣ ለጫት ነጋዴው ለጃዕፈር ቤት፣ አንዱን ለእኔ ሰጠች። የእኔን ከነፌስታሉ ቁም ሳጥን ላይ ወረወርኩት። የሌሎቹ «ማሻ አላህ» ግን እስከ ዋናው መንገድ ይሰማ ነበር።

አረፋ አልፎ ሐጃ ከቦኬ በተመለሱ ማግስት ጠዋት የአስማን ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ። ሐጃ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ባዶው ሳጥን አጠገባቸው ተከፍቷል። ትራሱን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠርዙን በጣታቸው ይዳብሳሉ።

«አሰጋሽ፣» አሉኝ፣ «ከፈኔ አበባ አወጣ።»

አስማ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። «ወላሂ አላወቅኩም፣ እማ! እርስዎ ውሰጂ ስላሉኝ ነው!» ሑዘይፋ አዳማ ለሥራ ሄዶ ነበር። ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ምንጣፉ ላይ ይጮሃል፦ «የእናቴን ከፈን ለጎረቤት አደለችው? በቃ፣ ልብሷን ጠቅልላ ቦርደዴ ትግባ! ስመጣ እንዳላገኛት!»

ሐጃ ስልኩን ዘጉት። «መጀመሪያ ጨርቄን ሰብስቢልኝ፣» አሏት። «ንጹሕ ከሆነ አጥቤ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። የአንቺን ነገር ከዚያ በኋላ እናያለን። አሰጋሽ፣ አብረሻት ሂጂ።»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። እነዚያ «ማሻ አላህ» ባዮች ትራሱን ከሶፋቸው ላይ እያነሱ ሲያስረክቡ ለማየት ጓጓሁ።

አክሱማዊት መጀመሪያ «እንዴ፣ መኝታ ቤቴ ነው፣ በክብር!» አለች። አስማ ነገሩን ስትነግራት ግን ወደ መኝታ ቤት አልሄደችም። ከመታጠቢያው ሥር አንድ ጥቁር ነገር ጎትታ አወጣች። የፀጉር ቀለም የነካ እጇን ስትጠርግበት ከርማለች። ቀይዋ አበባም እንደ ከሰል ጠቁራ ነበር።

ቀነኒ ቤት ደግሞ ትራሱ ሁለት ሆኖ ጠበቀን። ከመሀሉ ቀድዳ የድስት ማውረጃ አድርጋዋለች፤ አንዱ ጥግ ተቃጥሏል። «ማሎ፣ አስማ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ለትራስ ትንሽ ጎርበጥ ስላለኝ ነው» አለች። ጃዕፈር ጋ ስንደርስ መጠየቅም አላስፈለገንም። ሱቁ በር ላይ የጫት እስር እንዳይጠወልግ የተሸፈነበት እርጥብ ጨርቅ ላይ ቀይ አበባ ነበረች። ጨርቁ አረንጓዴ ሆኗል። ጃዕፈር ጨርቁን ልናደንቅለት የመጣን መስሎት «አንሱት፣ አንሱት፣ ውኃ ጥሩ ይይዛል» አለን።

«ትራስ እኮ ነበር፣» አለች አስማ ቀስ ብላ።

እዚያ ላይ ሳቄ ጠፋ። ያን ሁሉ ጊዜ ስንቃት የኖርኩትን ልጅ እርጥብ ጨርቅ ታቅፋ መንገድ ዳር ቆማ ሳያት ንቀቴ ሁሉ ወደ እነዚያ ዞረ። አንዲቷ እንኳ «አስማ፣ ስፌትሽ ጠማማ ነው፣ ቀስ ብለሽ ተማሪ» ብላት ኖሮ ልጅቷ ያን ያህል ጨርቅ አታሳድድም ነበር። ደግሞ አፍረው እንኳ አልቀሩም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሁለቱ ሴቶች እያዘኑና ደረት እየመቱ ተከተሉን። አክሱማዊት «የሐጃን ሳጥን እንዴት ሳትጠይቅ ትከፍታለች?» ስትል ሰምቻት ዘወር ብዬ አየኋት፤ ነጠላዋን ማስተካከል ያዘች።

ቤቴ ገብቼ የእኔን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ። ፌስታሉ እንደተቋጠረ ነው። ስላልወደድኩት አልነካሁትም፤ ስላልነካሁት አልቆሸሸም። ሐጃ ፊት የጠቆረውን፣ የተቃጠለውን፣ አረንጓዴውንና አድፎ ካልሲው የሚታይበትን የቤቱን ትራስ ደረደርናቸው። የእኔ ብቻ ነጭ ነበር።

ሐጃ አራቱን ወደ ጎን ገፉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። አዘኑ፤ ይህን መደበቅ አልፈለጉም። ነጩን አነሡና ለአስማ ምላጭ አቀበሏት። «ፍቺው፣» አሏት።

አስማ ምላጩን አስጠግታ አንዷን ክር ሳብ አደረገች። አንዷን ክር ብቻ። ስፌቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተርረረ ብሎ ተፈታ፣ ካልሲውም ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። አበባዋም ወደቀች። ጨርቁ ላይ አንድ መጨማደድ እንኳ አልቀረም።

ሐጃ መጀመሪያ ጨርቁን፣ ቀጥሎ ምራታቸውን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ፣ ስፌትሽ መጥፎ ነው!»

አክሱማዊትና ቀነኒ መሬት መሬት አዩ። አስማ እንባዋ እየወረደ አብራ ሳቀች።

ስልኩ ጮኸ። ሑዘይፋ ነው። «ወጣች?» አለ።

«ሴት ልጅ አልወለድኩም፣» አሉት ሐጃ። «ስሞት የምታጥበኝ እሷ ናት። ትሂድ ካልክ መጀመሪያ አጣቢ ፈልግልኝ።» ልጃቸው ምን እንደመለሰ አልሰማንም፤ ስልኩን ዘግተው ነጩን ጨርቅ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ለኩት። «ይሄ ለፀጉሬ መሸፈኛ ይበቃል። ለቀረው አዲስ ነጭ እንገዛለን። ነገ አብረን እንሄዳለን፣ አስማ። የት የት ላይ እንደሚቆረጥ ላሳይሽ፣ የዚያን ቀን እንዳትደናገጪ።»

አስማ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ስፌት መኪናዋ ተነሣች፤ መቀሱን፣ ክሩንና መርፌውን ልታዘጋጅ።

«መቀሱን ብቻ ያዢ፣» አሏት ሐጃ። «መርፌውን ተዪው። ከፈን አይሰፋም።»